ከአዋሳኝ ላይ የተገኙት ቅድመ አያት

አባቴ ዘር መቁጠር ይወድ ነበር። ሽማግሌ ተሰብስቦ «ለመሆኑ የልጁ ዘር ከየት ነው?» የተባለ እንደሆነ ጉሮሮውን ይጠርግና ከራሱ አባት ጀምሮ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ሳያዛንፍ ይወጣል። ዓድዋ የዘመተው እዚህ ላይ፣ ሰገሌ የወደቀው እዚያ ላይ እየተነሣ፣ እንደ ዳዊት ሲደግመው የሰማ ሁሉ ይረካ ነበር። ቆጠራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይዘላል። «የአባትህ እናትስ ማን ይባላሉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከተገኘ፣ አባቴ «የአራዳዋ» ይልና ወደ ሌላው ያልፋል።

ልብ በሉ፤ አባቴ በር ላይ የቆመ ለማኝን እንኳ አንቱ የሚል ሰው ነበር። የገዛ አባቱን እናት ግን አንቱ አላላቸውም። ልጅ ሳለሁ ስማቸውን ብጠይቀው አንድ ጊዜ «አንተ ምን አገባህ» ተባልሁ፤ ሁለተኛ ስጠይቅ በኩርኩም ተመለስሁ። ሦስተኛ አልጠየቅሁም። በ1991 ዓ.ም. አባቴ ሲያርፍ ስሙን ይዞት ሄደ።

ያደግሁበት ቤት ከቸርችል ጎዳና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ ቦታውን መገመት አያቅተውም። ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት፣ ጎዳናው ቴዎድሮስ አደባባይን አልፎ፣ ጥቁር አንበሳንና ዋናውን ፖስታ ቤት እያሳለፈ እስከ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ድረስ እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ይታያል። እኛ የጨርቁ ጫፍ ላይ ነበርን። በቤታችን የሚነገረው ታሪክ ቦታው ከአያቴ አባት፣ ማለትም በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ከወደቀው ወታደር የተወረሰ መሆኑን ነበር። ጀግና አገር አቀና፣ ልጁ ወረሰ፤ ነገሩ ያለቀለት ነው። እኔም እስከ ሃምሳ ዓመቴ ድረስ ይህንኑ ለሰው ስናገር ኖሬአለሁ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ የድሮ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ስልክ አስደወሉልኝ። «ልጄ፣ ወረቀት አምጪ ተብዬ ሣጥኔን ከፍቼ ነበር። ዓይኔ አላይ አለኝ፤ የልጆቼም ዓይን ይህንን ጽሕፈት አልለመደውም። ና አንብብልኝ» አሉኝ። እኛ ሰፈሩን ከለቀቅን ዓመታት ቢያልፉም ለእሳቸው ስል ሄድሁ። ሰፈሩ አቧራ ለብሷል። ዶሮ ማነቂያ በኩል ግማሹ ቤት ጣሪያው ተነሥቷል፤ ሰው አልጋና ቡፌ በጭነት መኪና ያስጭናል፤ ሥጋ ቤቶቹ ባዷቸውን ቆመዋል።

እማማ የቆርቆሮ ሣጥናቸውን ገልብጠው ጠበቁኝ። የግብር ደረሰኝ አለ፣ የዕድር መዋጮ ደብተር አለ፣ የቀበሌ ወረቀት አለ። ከሁሉ በታች በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ፣ በዕጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ አሮጌ የቦታ ወረቀት ወጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አራዳን ሲያቃጥሉ፣ የእማማ አማት ወረቀቱን ገንቦ ውስጥ ከትተው ጓዳ ቀብረውት ነው የተረፈው። በዚያ ሰሞን የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር በእሳት ተለኩሷል፤ የስንቱ ሰው ወረቀት ከነባለቤቱ እንደነደደ አስቡት።

ጽሕፈቱ የምኒልክ ዘመን ነው። ባለቦታው ይጠራል፤ ከዚያ አዋሳኞቹ ይዘረዘራሉ። በስተሰሜን እገሌ፣ በስተምሥራቅ እገሌ፣ በስተደቡብ መንገድ። ቀጥሎ «በስተምዕራብ የወይዘሮ» ይልና አንድ ስም ይከተላል። ደግሜ አነበብሁት። ከእማማ ቤት በስተምዕራብ ያለው ቦታ የእኛ ነው።

«እማማ፣ እኚህ ወይዘሮ ማን ናቸው?»

«ኧረ አንተ ልጅ! የአያትህ እናት ናቸዋ። አማቴ ጠጃቸውን እንዴት አድርገው ያነሡት ነበር መሰለህ!»

የአራዳዋ ሴት ስም አላቸው ማለት ነው። ስሙም በሌላ ሰው ወረቀት ላይ፣ እንደ ድንበር ድንጋይ ሆኖ፣ መቶ ዓመት አልፎት ተቀምጧል። አንባቢዬ ይቅር ይበለኝና ስማቸውን እዚህ ላይ አላትመውም። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የማን ጭምር እንደሆነ ወደ ታች እደርስበታለሁ።

አንድ ነገር ወዲያው አሳሰበኝ። ወረቀቱ የተጻፈው ከሰገሌ ጦርነት ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ አያቴም ሳይወለድ ነው። ቦታው የዚያን ጊዜ የወታደሩ ቢሆን ኖሮ አዋሳኙ በወታደሩ ስም ይጠራ ነበር። የተጠራው ግን በእሳቸው ነው። እንግዲህ ቦታው የጀግናው ሳይሆን የሚስቲቱ ነበር ማለት ነው፤ ምናልባትም ጀግናው የገባው በእሳቸው ቤት ነው።

«ሴት ቦታ ነበራት?» ብሎ የሚገረም ካለ የአገሩን ሥርዓት ረስቶታል። እንግሊዝ አገር ያገባች ሴት ንብረቷን ሙሉ ለሙሉ በስሟ እንድትይዝ ሕግ የፈቀደላት እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በእኛ በኩል ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ጎንደር ላይ፣ እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠርተው ርስትና ጉልት ያከፋፍሉ ነበር። ነገሩ የእቴጌዋ ብቻም አልነበረም። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ ከጎንደርና ከአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ወንጌሎች ኅዳግና ባዶ ቅጠሎች ላይ የተጻፉትን የመሬት ውሎች ሲመረምር፣ ሴቶች ሲሸጡ፣ ሲገዙ፣ ሲያወርሱና ሲሟገቱ አግኝቷቸዋል። የቅዱስ መጽሐፍ ኅዳግ የመሬት መዝገብ ቤት ነበር። ቃሉ በመሀል፣ ርስቱ በዳር።

የአማራው ርስት ደግሞ በአባትም በእናትም ይወረሳል። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ድርሻ አላት። አሜሪካዊው አለን ሆበን ጎጃም ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያወጣው ይህንኑ ነው። መሬት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው፣ ከዋናው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ ራሱ ላይ ማድረስ አለበት። በመካከል ሴት አያት ብትኖር ቁጥሩ አይበጠስም፤ በእሷ በኩል ያልፋል። ሴቲቱ ሩቅ አገር ተድራ ሄዳ መሬቱን ባታርሰው እንኳ መብቷ አይሞትም። ልጅዋ ወይም የልጅ ልጅዋ አንድ ቀን ከተፍ ብሎ «በአያቴ በኩል ድርሻ አለኝ» ሊል ይችላል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚባለው በዚህ ነው።

በዚህ ጥናት ውስጥ እንደ እኔ እንደ እኔ ዋናው ነገር አንድ ነው። ዘር ቆጠራ ሁለት ስለት ያለው ካራ ነበር። መሬት የሚጠይቀው ሰው ሴት አያቱን አጥብቆ ያስታውሳል፤ ቁጥሩ በእሷ በኩል ነውና። መሬቱን የያዘው ሰው ግን የሴት አያቶቹንና የእኅቶቹን ስም ማስታወስ አይጠቅመውም፤ እያንዳንዷ የተጠራች ሴት ከኋላዋ የተጠሪ መንጋ ይዛ ትመጣበታለችና። ስለዚህ መርሳትም ሥራ ነው። እንደ ማረስና እንደ ማጠር ያለ ሥራ።

ይህንን ካነበብሁ በኋላ የአባቴ ዝላይ እንደ ድሮው አልሆነልኝም።

አራዳ ግን ዳሞት አይደለም፤ ርስቱም ሌላ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደው ፍል ውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩና ከተማዋን አዲስ አበባ ካሏት በኋላ፣ መሬቱ ለመኳንንቱ በሰፈር በሰፈር ተሰጠ። ራስ መኮንን፣ ራስ ብሩ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ደጃዝማች ውቤ፤ ሰፈሮቹ እስከ ዛሬ በእነሱ ይጠራሉ። ከዚያ በፊት መሬቱ ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ የጉለሌ፣ የኤካ፣ የገላን፣ የአቢቹ ኦሮሞዎች ያረሱት፣ ከብት ያሰማሩበት ነው። ጉለሌና የካ የሰፈር ስም ሆነው ቀርተዋል እንጂ፣ በእማማ ወረቀት ላይ በአራቱም ማዕዘን ከእነሱ አንድም ሰው በአዋሳኝነት አልተጠራም። የእኔ ቅድመ አያት በልጅ ልጃቸው ከመረሳታቸው በፊት በእሳቸው ቦታ ላይ የተረሳ ሌላ ሰው ነበር። ይህን ሳልናገር ስለ ርስታችን ማውራት አልችልም።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የአዲስ አበባን ቦታ ሰው በስሙ እንዲይዝ፣ እንዲገዛና እንዲሸጥ የሚፈቅድ ደንብ አወጡ። የከተማ ቦታ እንደ ዕቃ የሚገዛና የሚሸጥ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የሚያዝበት ነገር የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። በዳሞት ርስቱ በአፍ ይቆጠራል፤ በአራዳ ወረቀት ላይ ያረፈው ስም ይገዛል። በአፍ ለሚቆጠረው ምስክሩ ብዙ ነው። ወረቀት ግን አንድ ስም ይበቃዋል፤ ያውም ይቃጠላል።

አራዳ በዚያ ዘመን የከተማዋ ገበያ ነበር። ከጊዮርጊስ ግርጌ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕዝቡ እንደ አሸዋ ይፈስሳል። ማርትሬዛው ብር ይንቃጨላል፤ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ማር፣ በቅሎ፣ ሸማ ይሸጣል። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ ሱቁን ደርድሯል። ገበያውንና ቀረጡን የሚያዙት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። እቴጌ ጣይቱም ራሳቸው እዚያው አጠገብ የከተማዋን የመጀመሪያ ሆቴል ከፈቱ፤ ሕንፃው በጥር 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ ተርፎ ዛሬም አለ። ያኔ ሆቴሉ የሚታወቀው «እቴጌ ሆቴል» በሚል ነበር። አያችሁ፣ ንግሥቲቱ እንኳ የተጠሩት በማዕረጋቸው ነው፤ የእኔዋ ደግሞ በሰፈራቸው።

ገበያ ባለበት ጠጅ አለ። በቀድሞው ሥርዓት ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ አራዳ ላይ ግን ብር የያዘ ሁሉ ይጠጣው ጀመር። ጠጅ መጣል የሴት ሙያ ነው። ማሩን ከነጋዴ ገዝታ፣ ጌሾውን አስወቅጣ፣ ጋኑን አጥና፣ ወር ያህል ጠብቃ የምታወጣ ሴት ገንዘብ በእጇ ይገባል። በአባቷ ወይም በባሏ ተጠግታ ሳይሆን ብቻዋን ከተማ ገብታ ብቻዋን ቤት የሠራች ሴት በአራዳ ብርቅ አልነበረችም። ቅድመ አያቴም ቦታውን በእንዲህ ያለ ገንዘብ ቢገዙት ነው። ማንም በደመወዝ አልሰጣቸውም፤ ማንም አላወረሳቸውም።

ወረቀቱን በስልኬ ፎቶግራፍ አንሥቼ አባቴ ታላቅ እኅት ዘንድ ሄድሁ። ሰማንያ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጆሯቸው ደከም ቢልም ልባቸው እንደ ምላጭ ነው።

«እትዬ፣ የአራዳዋን ስም አገኘሁት።»

ዝም አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጠጅ ሻጭ ነበረች» አሉኝ በመጨረሻ። «ይኸው ነው። አባባ ቢሮ የገባ፣ ከረባት ያሠረ ሰው ነበር። የጠጅ ሻጭ ልጅ መባል አልፈለገም። እኛም ተውነው።»

ታሪኩ ለጆሮ ይጥማል፤ እውነትም አለበት። በዚያ ዘመን ጠጅ ቤት ያላት ሴት በአፍ ስትታማ ኖራለች። ስንቱ የአዲስ አበባ ቤተሰብ እንዲህ ያለች አያቱን ከጓዳ ደብቆ ይኖራል! ለጥቂት ሳምንታት እኔም በዚህ ረክቼ ነበር። «እፍረት ነው የቀበራቸው» ብዬ ይህንን ጽሑፍ ልጀምርም አሰብሁ። ግን አንድ ነገር እምቢ አለኝ። እፍረት ሰውየውን ሥራዋን እንዲደብቅ ያደርገዋል እንጂ፣ ቤቱን ለአባቱ እንዲሰጥ አያስገድደውም። አያቴ እናቱን ከመደበቅ አልፎ የእናቱን ቦታ ለሰገሌው ወታደር አስረክቦታል። ለምን?

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አንድ አባት አነጋገርሁ። «ስማቸው ማነው?» አሉኝ፤ ነገርኋቸው። ሳቅ ብለው «ይኸማ የዓለም ስም ነው፤ እኛ ዘንድ የሚጸለይበት የክርስትና ስም ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። የድሮ ሴት ስሟ አንድ አይደለም። እናቷ ያወጣችላት አለ፣ ካህኑ ያወጣላት አለ፣ አማቷ ያወጣችላት አለ፣ ከዚያም ላይ ልጅዋ ሲወለድ «የእገሌ እናት» ትሆናለች። በአንዱ የጠፋች በሌላው ትገኝ ይሆናል፤ ግን የትኛው በየትኛው መዝገብ እንደሆነ የሚነግር የለም። ወንዱ ከነአባቱ ስም በሄደበት ሁሉ አንድ ነው።

ከዚያ የእኛን ሣጥን ከፈትሁ። አባቴ ሲሞት ወንድሜ ቤት የተቀመጠ ነው። የግብር ደረሰኞቹ ከ1935 ዓ.ም. ይጀምራሉ፤ ሁሉም በአያቴ ስም ናቸው። ከዚያ የቀደመ አንድም የለም። ይህ በራሱ አይገርምም፤ ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ተጠራርጎ፣ ከተማው እንደገና የሚመዘገብበት ጊዜ ነበር። የአገሬው ገበያ በጣልያን ትእዛዝ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሆኗል። ቁልቁለቱን ይዞ የሚወርደውም ጎዳና በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በዊንስተን ቸርችል ስም ተጠራ። ወረቀቱ የተቃጠለበት ሰው ጎረቤት ምስክር ይዞ ይቀርባል። ከደረሰኞቹ መሀል የተገኘች አንዲት የእርሳስ ማስታወሻ በአያቴ የእጅ ጽሕፈት የሦስት ሽማግሌ ስም ይዛለች፤ ከግርጌዋም «ቦታው ያባቴ፣ እኔም ብቸኛ ልጅ መሆኔን» የሚል አለ። ምስክሮቹ እንዲናገሩ የሚፈለገው ቃል ረቂቅ ይመስላል።

«ብቸኛ ልጅ» የምትለዋ ቃል ዓይኔን ያዘችው። ብቸኛ ልጅ የሆነ ሰው ብቸኛ መሆኑን ለምን ያስመሰክራል?

አክስቴ ዘንድ ተመለስሁ። ማስታወሻዋን አነበብሁላቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም፤ ከዚያ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ ጀመሩ።

«ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበራችን ቆማ ትጮኻለች። አባባ ዘበኛውን በሩን ዝጋ አለው። ሦስት ቀን ተመላለሰች። እናቴን ማናት ብላት ‹ለማኝ ናት› አለችኝ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ለማኝ ግን ‹በእናቴ ቤት› አይልም። እሷ ‹በእናቴ ቤት! በእናቴ ቤት!› ነበር የምትለው። ይኼ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።»

የአራዳዋ ወይዘሮ ከወታደሩ በፊት ሌላ ባል ነበራቸው፤ ከእሱም ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቷ ተድራ ወደ እናቷ አገር ቡልጋ ሄዳለች። ቤቱ ሲቃጠል፣ እናትየውም ሲሞቱ እዚያ ነበረች። ስትመለስ ቦታው ተመዝግቦ፣ ወንድሟ ብቸኛ ልጅ ሆኖ ጠበቃት። ሕጉ አልከለከላትም። ፍትሐ ነገሥቱም፣ በኋላም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሴትንና ወንድን ልጅ በውርስ እኩል ያደርጋሉ። ያንን ሕግ የሚጠራ ሰው ግን መጀመሪያ ልጅ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ልጅነቷን ለማስረዳት እናቷ መጠራት አለባቸው። ቦታው ደግሞ የእናቷ ሳይሆን «ያባቴ» ሆኗል፤ የሰገሌው ወታደር ለእሷ የእንጀራ አባት ነው። ቅድመ አያቴን ከቆጠራው ያወጣቸው ጠጁ አልነበረም። እሳቸው ከተጠሩ ልጅቷ ትጠራለች፤ ልጅቷ ከተጠራች ግቢው ለሁለት ይከፈላል።

አያቴን በደንብ አውቀው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለመከራከር እሞክር ነበር። በ1959 ዓ.ም. ሞቷል። ሰው እንደሚለው ደግ ነበር፤ ድኻ ያበላ ነበር። በዚያው ግቢ።

እማማ ዘንድ ደወልሁና «የወይዘሮዋን ሴት ልጅ ያውቃሉ?» አልኋቸው። «ታዲያ!» አሉኝ፣ ጥያቄው አስገርሟቸው። «እዚሁ ዶሮ ማነቂያ ተከራይታ ስንት ዘመን ኖረች። እዚሁ ሞተች። እናንተ ሰላም አትሏትም ነበር እንጂ እኛማ ቡና እንጠጣ ነበር።» ከእኛ ግቢ እስከ ዶሮ ማነቂያ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ለትምህርት ቤት ዳቦ የምገዛው በዚያ መንገድ እያለፍሁ ነበር። ምናልባት አይቻቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አላንዛዛውም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታና አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ የቀረው ሄደ። ወሩ ከ100 ብር በታች የሚከራየው ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። እኛ ዋናውን ቤት ይዘን ሠርቪሱን አስረከብን። አያቴ በሽማግሌ ምስክር ያስከበረው መሬት በአንድ ጋዜጣ ጠፋ። የእኅቱ የኪራይ ቤት ደግሞ የቀበሌ ሆኖ፣ ኪራዩ ቀንሶ፣ ለልጅዋና ለልጅ ልጅዋ ዘለቀ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቡልጋውንም ርስት ታሪክ አድርጎታል። ከዚያ ወዲያ ማን ዘር ይቆጥራል? ለሠርግ ካልሆነ።

እማማ የሰጡኝ ቁጥር የልጅ ልጃቸው ነበር። በ2016ቱ ፍርሻ ከዶሮ ማነቂያ ተነሥታ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች። መምህርት ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅ። ማን መሆኔን ስነግራት ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። በኋላ «እሺ፣ ፖስታ ቤቱ አካባቢ እንገናኝ፤ ለእርስዎም ይቀርብዎታል» አለችኝ።

ቡና ቤት ተቀመጥን። ቸርችል ጎዳና ከመስኮቱ ውጭ ሽቅብ ይወጣል። እኔ የእማማን ወረቀት ፎቶግራፍ አስቀድሜ አሳትሜው ነበርና ከፊቷ ዘረጋሁት። ጣቷን አዋሳኙ ላይ አድርጋ ስሙን ድምፅ አሰምታ አነበበችው። አልደነቃትም።

«ስሙን ታውቂው ነበር?»

ከቦርሳዋ ባለ ቀይ ሽፋን አሮጌ ደብተር አወጣች። እናቷ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለቡልጋው ርስት ሙግት የጻፈችው ቆጠራ ነው። አናቱ ላይ አቅኚው አባት፤ ከእሱ ወንድ፣ ከወንዱ ሴት፣ ከሴቷ ሴት። አምስተኛው ላይ የአራዳዋ ወይዘሮ፣ በሙሉ ስማቸው፣ ከነክርስትና ስማቸው። መሬት በስማቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና ቡልጋ አልረሳቸውም። ከእሳቸው በላይ ያሉትን አራት ሰዎች በሕይወቴ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። የእኔም ናቸው።

ከእሳቸው በታች የተጻፈው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሴቷ።

«ወንድማቸውስ?» አልኋት።

«ወንድም?» አለችኝ። «አንድ ልጅ ብቻ ነበሩ እኮ ነው የሚባለው። አያቴ ራሷ ‹ለእናቴ ብቸኛ ልጅ ነኝ› እያለች ነው የሞተችው።»

የአያቴን የእርሳስ ማስታወሻ ከኪሴ አውጥቼ ከደብተሩ አጠገብ አስቀመጥሁላት። አነበበችው። ሁለቱን እያፈራረቀች አየች፤ ቡናዋ ቀዘቀዘ። ከዚያ ብዕሯን አወጣችና ከአያቷ ስም ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በጣቷ ደባበሰችው።

«የአያትህ ስም በየትኛው ‹ሀ› ነው የሚጻፈው?» አለችኝ።